የበረራ ርቀትና ሰዓት ስናሰላ የምንሠራቸው ስህተቶች

የሁለት ከተሞችን ስም ጽፈን "በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብለን የምናገኘው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። የምን ርቀት፣ የምን ሰዓት እንደሆነ ስለማናጣራ ነው።

ትልቁ ስህተት ቲኬቱ ላይ ካለው የመድረሻ ሰዓት የመነሻውን መቀነስ ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በየከተማው ሰዓት ነው። ከኒውዮርክ 22:00 ተነስቶ ለንደን 10:00 የሚገባ በረራ 12 ሰዓት የፈጀ ይመስላል። ለንደን በ5 ሰዓት ስለምትቀድም ጉዞው 7 ሰዓት ብቻ ነው። በመልሱ 11:00 ተነስቶ 14:00 ቢደርስ 3 ሰዓት ይመስላል፤ ግን 8 ነው። ሁለቱ አገሮች በየዓመቱ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉት በተለያየ ቀን ስለሆነ ደግሞ፣ በማርች ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ልዩነቱ 4 ይሆናል። እንግዳ የምትቀበሉ ከሆነ ከሰዓቱ ጎን ያለችውን "+1" እንዳታልፏት። በማግስቱ ይደርሳል ማለት ነው።

ሲሄድ 7፣ ሲመለስ 8 ለምን ሆነ? መሄጃና መመለሻ እኩል ይፈጃል ማለትም ስህተት ነው። በዚያ መስመር ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ሲሄዱ ከኋላ ይገፋል፣ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። በፌብሯሪ 2020 ነፋሱ በጣም በርትቶ ስለነበር አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገባ።

ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት ማካፈልም አያዋጣም። የዚህ መስመር ርቀት 5,540 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ፍጥነት ሲካፈል 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይመጣል። ግን አውሮፕላኑ ሲነሳና ለማረፍ ሲወርድ ቀስ ይላል። ቲኬቱ የሚቆጥረው ደግሞ ከተርሚናሉ በር ከተላቀቀበት እስከ መድረሻው በር እስኪቆም ነው። ቀበቷችሁን አስራችሁ፣ አውሮፕላኑ ከፊቱ የተሰለፉትን እየጠበቀ መሬት ላይ ሲንፏቀቅ ያለው ጊዜ ሁሉ ይገባል። አጭር በረራ ላይ ይሄ በጣም ይጎላል። 300 ኪሎ ሜትር በስሌት 20 ደቂቃ ነው፤ ቲኬቱ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚለኩም አሉ። ኒውዮርክና ቤይጂንግ ሁለቱም 40 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ናቸው፤ አጭሩ መንገድ ግን በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ያልፋል። ሉል ላይ ክር ወጥሩና እዩት። አጭሩ መንገድም ሁልጊዜ አይበረርም። ከ2022 ወዲህ የሩሲያ ሰማይ ለፊንላንድ አየር መንገድ በመዘጋቱ፣ ከሄልሲንኪ ቶኪዮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የነበረው በረራ ወደ 13 ተጠግቷል።

ማይል ሲባልም የትኛው እንደሆነ እዩ። የአቪዬሽኑ 1,852 ሜትር፣ የመንገዱ 1,609 ሜትር ነው።

በመጨረሻ፣ "ቶኪዮ" የሚለውን ብቻ አይታችሁ አትቁረጡ። ከሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሃኔዳ ለከተማው ቅርብ ነው፤ ናሪታ ከመሀል ከተማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአንዱ ገብታችሁ በሌላው የምትወጡ ከሆነ ፓስፖርት ማስመታት፣ ሻንጣ መቀበል፣ አውቶቡስ ወይም ባቡር መያዝ፣ እንደገና መፈተሽ አለ። ለዚህ ሁሉ ሁለት ሰዓት አይበቃም።