ሰውየውን ሳይሆን ነገሩን ዝጉት

ደሴ ላይ ሰው ዘግቶ ማለፍ ከባድ ነው። ከሰኞ ገበያ እስከ ፒያሳ በእግር ስትወጡ ስንቱ ሰላም ይላችኋል፣ ሰላምታ የነፈገ ደግሞ «ምን ነካው?» ተብሎ ወሬው ቤቱ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ወሎ ውስጥ ነገረኛን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የሚጀምረው ሰላምታውን አሟልቶ ከመስጠት ነው። ጤናውን፣ ቤተሰቡን፣ ልጆቹን ጠይቁት። ለካፊ የሚፈልገው ኩርፊያችሁን ነው፤ እሱን ካጣ ይደክመዋል።

ቡና ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አንዲት ትልቅ ሴት «አንቺ ልጅ፣ ዘንድሮም አላገባሽም?» አሉሽ እንበል። ምክንያት አትደርድሪ፣ አንዱ ምክንያት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። «አብሽሩ እትዬ፣ ያለ እርስዎማ አይሆንም» በይና ስኒሽን ይዘሽ አጠገብሽ ካለችው ጋር ጨዋታ ጀምሪ። ከደገሙትም ያንኑ መልስ፣ በዚያው ድምፅ፣ አንድ ቃል ሳትጨምሪ። ፊትሽ እንዳይጠቁር ብቻ ተጠንቀቂ፣ ዋናው እሱ ነው።

ቡናው ራሱ ጊዜ የሚበላባችሁ ከሆነ ደግሞ ገና ስትገቡ «ለአቦሉ ነው የመጣሁት፣ ሥራ ይዣለሁ» በሉ። ሰው ቅር የሚለው ቶናው ሲቀዳ ሳይታሰብ ብድግ ስትሉ ነው እንጂ ቀድሞ ከተነገረውማ ይመርቃችኋል።

ስልክ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ የሚረብሻችሁን ግሩፕ ጫን አድርጋችሁ ያዙና መጀመሪያ ድምፁን ለሁልጊዜው አጥፉ፣ ከዚያ ወደ አርካይቭ ላኩት። ድምፁን ሳታጠፉ አርካይቭ ብታደርጉት አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር ተመልሶ ይወጣል። ፌስቡክ ላይ የሚያናድዳችሁን ዘመድ አንፎሎው አድርጉት፤ ጓደኝነቱ አይፈርስም፣ ለእሱም አይነገረውም። ሥራ ላይ ስትሆኑ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶም ቢሆን ልብ ይሰርቃል። የባጃጁ ጡሩምባና የሱቁ ስፒከር እንደሆነ አይቆምም፣ ከባድ ሥራችሁን በማለዳ ጨርሱት።

ችላ የማይባል ግን አለ። የሚያስፈራራ፣ መንገድ ላይ የሚከታተል፣ እጅ የሚይዝ ሰው ከገጠማችሁ የዚያኑ ቀን ለቤተሰብ ንገሩ፣ የጻፈውን መልእክት ሳታጠፉ ያዙ፣ ለፖሊስም አመልክቱ። «ተይው፣ ይተውሻል» የሚልሽን ሰው አትስሚ።