የስኪ ተራራን በወረቀት ካርታና በስልክ አፕ እንዴት ማንበብ ይቻላል?

በኮሎራዶ ከዴንቨር ወይም ከኦሮራ ተነስተው አይ-70 አውራ ጎዳናን ይዘው ወደ ምዕራብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢነዱ ቬል የተባለው የስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) ተራራ ይደርሳሉ። የተራራው ግርጌ ከአዲስ አበባ ብዙም የማይርቅ ከፍታ ላይ ነው፤ 2,475 ሜትር። አናቱ 3,527 ሜትር ይደርሳል። የስኪ መሬቱ 5,317 ኤከር ሲሆን በአገራችን ልኬት ከሃምሳ ጋሻ ይበልጣል። ይህን ያህል መሬት ላይ ጠዋት ያየነውን ምልክት ከሰዓት በኋላ እናስታውሰዋለን ማለት ዘበት ነው። ካርታ ያስፈልጋል።

የወረቀቱ ይሻላል ወይስ የስልኩ? ሁለቱንም ይያዙ፤ ሥራቸውን ግን አያደባልቁ። ወረቀቱ ተራራውን በሙሉ በአንድ እይታ ያሳያል፤ ወዴት እንደሚሄዱ የሚወሰነው በእሱ ነው። ስልኩ የዛሬውን ይናገራል፦ የትኛው ሊፍት (ሰውን በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ላይ የሚያወጣው መቀመጫ) ተከፍቷል፣ ወረፋው የት በዝቷል፣ አሁን የት ቆመናል። መንገድ የሚስተው ብዙውን ጊዜ የአንዱን ሥራ ለሌላው ሲሰጡት ነው።

ከሁሉ በፊት፦ በእጅዎ ያለው ሥዕል ነው

የሪዞርት ካርታ እንደ መንገድ ካርታ ተለክቶ የተሠራ አይደለም። አብዛኛው በሠዓሊ እጅ የተሣለ ነው። ጄምስ ኒሁስ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ ብቻውን ከ200 በላይ የስኪ ቦታዎችን ሥሏል፤ ቬልም አንዱ ነው። ሠዓሊው ሁሉንም መውረጃ በአንድ ገጽ ለማሳየት ሲል ሩቁን ያቀርባል፣ የተደበቀውን ጎን ጠምዝዞ ወደ ፊት ያመጣል፣ ረጅሙን ያሳጥራል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት መስመሮች አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊረዝም ይችላል። ተዳፋት የሚመስለውም ቦታ ሜዳ ሆኖ በዱላ እየገፉ የሚሻገሩት ሊሆን ይችላል። ርቀትን ከሥዕሉ ላይ በጣት አይለኩ።

ሰሜንም ከላይ አይደለም፤ ሰውን በጣም የሚያምታታው ይህ ነው። የቬል የፊት ገጽ ወደ ሰሜን ያያል፤ ሠዓሊው ደግሞ ፊት ለፊቱ ቆሞ ወደ ደቡብ ተመለከተና ሣለው። በዚህ ገጽ ላይ ምሥራቅ በግራ፣ ምዕራብ በቀኝ ይሆናል፤ ምዕራቡ ላይ ያለው ላየንስሄድ የተባለው የግርጌ መንደር በቀኝ የሚታየው ለዚህ ነው። ወረቀቱን ገልብጠው ባክ ቦውልስ የሚባሉትን ሰባት የጀርባ ጎድጓዳዎች ሲያዩ ሁሉም ነገር ይዞራል። እነሱ ወደ ደቡብ ስለሚያዩ ምዕራቡ ላይ ያለው ሰን ዳውን ቦውል በግራ፣ ወደ ምሥራቅ ያለው ቻይና ቦውል በቀኝ ነው። ከዚያ ማዶ ያለው ብሉ ስካይ ቤዝን እንደገና ወደ ሰሜን ያያል፤ ስለዚህ እንደገና ይገለበጣል። በአንድ ቀን ሦስቱንም የሚዞር ሰው ግራና ቀኙ ሁለት ጊዜ ይቀያየርበታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አናት ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ወረቀቱን ገልብጠው ይያዙ፤ የሥዕሉ አናት ወደ ደረትዎ፣ ግርጌው ወደ ሸለቆው ይሁን። ጽሑፉ ይዘቀዘቃል፤ ይዘቅዘቅ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ በግራ ያለው መሬቱም ላይ በግራዎ ነው። ስልክ ላይ ይህን ልሞክር ቢሉ ስክሪኑ አብሮ ይዞራልና መዞሩን የሚከለክለውን ቁልፍ አስቀድመው ያብሩት።

ቀለሞቹን ማንበብ

በአሜሪካ አረንጓዴ ክብ ቀላሉ፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛው፣ ጥቁር አልማዝ ከባዱ፣ ሁለት ጥቁር አልማዝ እጅግ ከባዱ ነው። ብርቱካናማ ሞላላ መዝለያና ሐዲድ የተሠራበትን ቦታ ያመለክታል። በአውሮፓ ሰማያዊ ቀላል ነው፤ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ከጀርመን ወይም ከስዊድን የመጣ ዘመድ ሰማያዊ አየሁ ብሎ ቢተማመን አይግረምዎ፤ አስቀድመው ይንገሩት።

ቀለሙ የሚያወዳድረው እዚያው ተራራ ላይ ያሉትን መውረጃዎች እርስ በርስ ነው፤ የአንዱ ሪዞርት ሰማያዊ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። አዲስ ቦታ ሲሄዱ የመጀመሪያውን መውረጃ ከለመዱት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ። ቢጫ የተቀባ አካባቢ ካዩ ፍጥነት የሚቀነስበት ነው፤ በሌላ ቦታ ፍጥነትዎ ቢታለፍልዎ እዚያ ግን ፓትሮል (የተራራው ደኅንነት ጠባቂ ቡድን) ይቆጣጠራል።

በዋዜማው ማታ ስልኩን ማዘጋጀት

1. የሪዞርቱን አፕ ቤት ሆነው በዋይፋይ ይጫኑ፣ አካውንትዎን ከፍተው ይግቡ፣ ሎኬሽን ይፍቀዱለት። ለቬል፣ ለብሬከንሪጅና ለኪስቶን የሚያገለግለው ማይ ኤፒክ ነው፤ ካርታ፣ የሊፍት ወረፋና የመግቢያ ፓስ በአንድ ላይ ይዟል። የመኪና ማቆሚያው ውስጥ እጅ እየቀዘቀዘ የይለፍ ቃል መፈለግ ቀን ያበላሻል።

2. ካርታውን ከሪዞርቱ ድረ ገጽ በፒዲኤፍ አውርደው ስልኩ ላይ ያስቀምጡ። ስክሪንሾት አይበቃም፤ ሲያሰፉት የመውረጃዎቹ ስም ይደበዝዛል። ሁሉንም ገጾች ማውረድዎን ያረጋግጡ፤ የፊቱን ብቻ ይዘው ጀርባው ላይ የሚደናገሩ ብዙ ናቸው።

3. የስኪ ፓትሮሉን ስልክ ቁጥር መዝግቡ። ከወረቀቱ ካርታ ወይም ከአፑ ያገኙታል።

4. ፓስዎ ስልክ ውስጥ ከሆነ በሩ የሚያነበው በብሉቱዝ ነው። ስልኩ ከጠፋ ፓሱም አብሮ ይጠፋል። የፕላስቲኩ ካርድ ካለዎት እሱንም ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ።

ለዓመታት የለመዱት አፕ ዘንድሮም ይኖራል ብለው አይገምቱ። በተራራ ተጓዦች ዘንድ የተወደደውን ፋትማፕ የተባለ የካርታ አፕ ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ገዛው፤ በጥቅምት 2024 ተዘጋ። የወቅቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ከፍቶ መፈተሽ ከዚህ ያድናል።

ወረቀቱን ማዘጋጀት

ብዙ ሪዞርቶች ወረቀቱን እንደ ድሮው በየቦታው አይደረድሩም፤ የቲኬት መስኮቱ ጋ ወይም የእንግዶች አገልግሎት ጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ይውሰዱ። አንዱ ይረጥባል ወይም ልጆቹ ይወስዱታል።

የሚንሸራተቱበት ገጽ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው አራት ቦታ ይጠፉት፤ ከዚያ አፉ በሚዘጋ የምግብ ፕላስቲክ ውስጥ ያስገቡት። እንዲህ ከሆነ ሳይዘረጉት ይነበባል፣ በረዶም አያርሰውም። ከመውጣትዎ በፊት በእርሳስ ሦስት ነገር ያክብቡ። እስክሪብቶ በብርድ ቀለሙ አልወርድ ይላልና እርሳስ ይሁን።

የመጀመሪያው የመገናኛው ቦታ ነው። «ታች እንገናኝ» የሚባለው ነገር ቬል ላይ አይሠራም፤ ታች ማለት ቬል ቪሌጅም፣ ላየንስሄድም፣ ጎልደን ፒክም ሊሆን ይችላልና። በስም የሚታወቅ አንድ የሊፍት መነሻ ወይም አንድ ምግብ ቤት ይምረጡ፣ ሰዓትም ይቁረጡ። ሁለተኛው አንድ ሰው ቢደክም ወይም ቢፈራ የሚወርድበት አረንጓዴ መስመር ነው፤ ከአናት እስከ ግርጌ ሳይቋረጥ መድረሱን በጣትዎ ተከትለው ያረጋግጡ፤ አንዳንዱ መሐል ላይ ሰማያዊ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛው ወደ መኪናው የሚመልስዎ ሊፍት ነው፤ ወደ እሱ እንመለስበታለን።

ተራራው ላይ፦ ምን መቼ ይታያል

ሊፍት ላይ ተቀምጠው ወረቀት አይዘርጉ፣ ስልክም አያውጡ። ነፋስ አለ፣ ጓንት ወልቋል፣ የወደቀው ነገር ደግሞ አሥር ሜትር በታች ያለ በረዶ ውስጥ ነው። ስልክ ለማየት የሚመቸው ቦታ የሊፍቱ ወረፋ ነው። እዚያ አፑን ከፍተው ሁለት ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ ቀጥሎ የምንሄድበት ሊፍት ተከፍቷል? ያሰብነው መውረጃ ዛሬ በማሽን ተደልድሏል? ወረቀቱ ይህን ሊያውቅ አይችልም። አንድ ሰማያዊ መውረጃ የተደለደለ ቀንና ያልተደለደለ ቀን ሁለት የተለያዩ መውረጃዎች ናቸው።

አናት ላይ ሲወርዱ ከሊፍቱ መውጫ ራቅ ብለው በጎን ይቁሙ። እዚያ የሚቆመውን ትልቁን ሰሌዳ ከወረቀትዎ ጋር ያስተያዩ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ይያዙ፣ የመጀመሪያውን መገንጠያ ስም ጮክ ብለው አብረዎት ላሉት ይንገሩ። ከዚያ ይውረዱ።

አፑ ክፍት ነው ያለው መውረጃ በገመድ ተዘግቶ ቢያገኙት ገመዱ ትክክል ነው። አፑ ላይ ያለው መረጃ ሊዘገይ ይችላል፤ ገመዱን የወጠረው ግን ቦታውን በዓይኑ ያየ ነው። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የስኪ ደኅንነት ሕግም የተዘጋ መውረጃ ውስጥ መግባትን ይከለክላል።

ሌላው ወጥመድ ሰማያዊዋ ነጥብ ናት። አንዳንድ አፕ የቆሙበትን ቦታ በዚያው በተሣለው ሥዕል ላይ ያስቀምጣል። ጂፒኤሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሥዕሉ ግን የተጠመዘዘ ነው፣ ስለዚህ ነጥቧ ጎረቤት መውረጃ ላይ ልትቀመጥ ትችላለች። መገንጠያ ላይ ሲሆኑ ነጥቧን ሳይሆን የምልክት እንጨቱ ላይ የተጻፈውን ስም ይመኑ። የቆሙበትን በትክክል ማወቅ ከፈለጉ ሥዕል ያልሆነውን፣ ከላይ የሚታየውን ካርታ ይክፈቱ፤ እሱ ላይ ደግሞ ሰሜን ከላይ መሆኑን አይርሱ።

ስልኩ በብርድ ለምን ይሞታል

አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ እንድንጠቀምበት ይመክራል። የኮሎራዶ ጥር ከዚያ በታች ነው። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ኤሌክትሪክን መቋቋሙ ይጨምራል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ስልኩም 30 ወይም 40 በመቶ እያሳየ ድንገት ይጠፋል። ቻርጁ አላለቀም። ሲሞቅ ይመለሳል።

ስለዚህ ስልክ የሚቀመጠው በጃኬቱ ውጫዊ ኪስ ሳይሆን ከውስጥ፣ ሰውነት በሚያሞቀው ልብስ ኪስ ውስጥ ነው። የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ግን አብረው አያስቀምጡ፣ ከልክ በላይ ያግለዋል። ከጠፋብዎ መጀመሪያ ያሙቁት፣ ከዚያ ፓወር ባንኩን ይሰኩ፤ የቀዘቀዘ ባትሪን ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል። ፓወር ባንኩም ባትሪ ነው፤ እሱም ከውስጥ ይቀመጥ።

ሲግናል በሌለበት ጎን ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይበላል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ ቢያደርጉት ጂፒኤሱ በአብዛኞቹ ስልኮች መሥራቱን ይቀጥላል፤ ያወረዱት ካርታም ይከፈታል። የሚያጡት የወረፋውን መረጃና ጥሪን ነው፤ ስለዚህ ከቤተሰብ ጋር ሲለያዩ አያድርጉት። ፓስዎ ስልክ ውስጥ ከሆነ ብሉቱዙን መልሰው ማብራት አይርሱ፤ በሩ ጋ ወረፋ የሚያስቆመው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ፍጥነትና ርቀት የሚመዘግቡ አፖች ቀኑን ሙሉ ጂፒኤስ ስለሚጠቀሙ ባትሪው ከደከመ መጀመሪያ የሚዘጉት እነሱን ነው።

ከሪዞርቱ ወሰን ውጭ በሚያስወጡት በሮች በኩል የሚሄዱና በበረዶ ናዳ የተቀበረን ሰው መፈለጊያ ሬዲዮ የታጠቁ ሰዎች ስልኩን ከሬዲዮው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ሰው በሚፈልጉበት ጊዜ ደግሞ 50 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ምልክቱን ያውካል።

ሰው ቢጎዳ ቦታውን እንዴት ይናገራሉ

ከተጎጂው በላይ፣ ወራጆች ከሩቅ በሚያዩት ቦታ፣ ሁለት ስኪ በመስቀል ቅርጽ አጣምረው ይትከሉ። ለፓትሮል ይደውሉ፤ ቁጥሩ ከሌለዎት 911። ስልክ ከሌለ አንድ ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ሊፍት ግርጌ ወርዶ ለሠራተኛው ይንገር፤ ሬዲዮ አላቸው።

የሚነግሯቸው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የመውረጃው ስም፣ የቅርቡ ሊፍት ስም፣ የምሰሶው ቁጥር፣ ከዚያ የጉዳቱ ዓይነት። የሊፍት ምሰሶዎች ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ «ከምሰሶ 11 በላይ» የሚል መረጃ ከየትኛውም ገለጻ ይፈጥናል። ስሞቹን ካርታው ላይ እንዳሉ ያንብቡ፣ አይተርጉሙ፤ በድንጋጤ መሐል ወረቀቱ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ስልኩ በጥሪ ተይዟልና።

ወደ ቤት የሚመልሰው ሊፍት

ብሉ ስካይ ቤዝን ላይ ያለ ሰው መኪናው የተራራው ማዶ ነው። ቁልቁል መውረድ ብቻውን ወደ ከተማው አያደርሰውም፤ መጀመሪያ ቲካፕ ኤክስፕረስን በመሰለ ሊፍት ወደ ሸንተረሩ መውጣት አለበት። የጀርባው ሊፍቶች ከፊቱ ቀድመው ይዘጋሉ፣ ሰዓቱም በወቅቱ ውስጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን የዕለቱን መዝጊያ ሰዓት አይተው፣ ወረቀቱ ላይ ካከበቡት ሦስተኛው ሊፍት አጠገብ ግማሽ ሰዓት ቀንሰው በእርሳስ ይጻፉት። ያው ሰዓት ስልኩ ላይ ደወል ይሁን።