ፒንግ ይሠራል፣ ገጹ ግን ነጭ ነው፦ የአይፒቪ6 መፍትሔ

ደሴ ያለ የሆቴል ድረ ገጽ አይፒቪ6 (አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ከተከፈተለት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ትንሹ ፒንግ (መስመሩን የሚፈትሽ መልእክት) ይመልሳል፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው። መንገዱ መሃል ከ1480 ባይት በላይ የማያሳልፍ ተነል (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሳልፍ መስመር፤ ፓኬት ማለት የሚላክ የውሂብ ቁራጭ ነው) አለ። በአይፒቪ6 ደግሞ ራውተር ፓኬት አይከፋፍልም፤ «ትልቅ ነው» ብሎ ለላኪው በአይሲኤምፒቪ6 (የአይፒቪ6 የስህተትና የፍተሻ መልእክት) ዓይነት 2 ይነግራል። የሰርቨሩ ፋየርዎል ይህንኑ መልእክት ይጥለዋል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ፓኬቱን አያሳንስም፣ ገጹም አይደርስም። ግንኙነቱ አንዴ ስለተከፈተ ብራውዘሩም ወደ ቀድሞው አይፒቪ4 አይመለስም።

ዓይነት 2ን መፍቀድ በቂ ነው። ለማረጋገጥ ከሰርቨሩ ወደ ኮምቦልቻ የ1452 ባይት ፒንግ (የራስጌው 48 ሲደመርበት 1500) ሳይከፋፈል ይላክ፤ «ትልቅ ነው፣ 1480» የሚል መልስ ከመጣ ተስተካክሏል። ኤምቲዩን (የፓኬት መጠን ጣሪያውን) 1280 ማድረግም ያስኬዳል፣ ግን ማስታገሻ ነው። የኳድ ኤ መዝገቡን (የድረ ገጹን ስም ከአይፒቪ6 አድራሻው ጋር የሚያገናኘውን) አጥፍቶ መገላገልማ አይሆንም፤ የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው፣ ብዙ ስልክም አንዱን እየተጋራ ነው።