ሰንሰር፣ ካሜራና ራዳር ሲያስገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሃል ከተማ መንዳት ትዕግሥት ይፈትናል። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ሚኒባሱ ያለ ፍሬቻ ይገባብዎታል። ለገሃር ጋ እግረኛው በሁለት መኪና መሃል ብቅ ይላል። ፒያሳ ቦታ አግኝተው ሊያቆሙ ሲሉ ከኋላ ሁለት ሰው «ና፣ ና» ይላል፣ ሦስተኛው «ቁም!» ብሎ ይጮኻል። ስለዚህ ሰው የኋላ ካሜራ፣ ሰንሰር፣ ዳሽካም (የፊት መስታወት ላይ ሆኖ መንገዱን የሚቀዳ ካሜራ)፣ አሁን አሁን ደግሞ ራዳር ያለው ማስጠንቀቂያ ቢያስገጥም አይፈረድበትም። እኔ እንዲያውም ደጋፊ ነኝ። ለአንድ ሕፃን እንኳን ቢደርስ የወጣበት ብር አይቆጭም።

ችግሩ የሚመጣው ሲገዛና ሲገጠም ነው። ሶማሌ ተራ ሄደው «ለመኪናዬ አሪፍ ነገር ስጠኝ» ካሉ አሪፍ ነገር ይሰጥዎታል። ዕቃው ምን እንደማያይ ግን ካልጠየቁ የሚነግርዎት የለም። ዋናው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው።

የሚጮኸውን ከሚያቆመው ጋር ማምታታት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ካርቶኑ ላይ «ግጭት መከላከያ» ተብሎ ይጻፋል። ውስጡ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የሚጮህ ካሜራ ነው። ፍሬን አይዝም፣ መሪ አይነካም። በዘርፉ ስሙ የገነነው ሞባይልአይ የተባለው ኩባንያ እንኳን፣ ተራ መኪና ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚገጠምለት መሣሪያው ሥራው ማስጠንቀቅ ብቻ ነው። ከፊት ካለው መኪና ጋር ሊጋጩ ሲሉ እስከ 2.7 ሰከንድ ቀድሞ ይጮኻል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየነዱ ከሆነ በዚህ ጊዜ 30 ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ጩኸቱን ሰምተው እግርዎ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ከምናምን ይሄዳል። ከሠላሳዋ ሜትር አሥራ አንዱ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ገና ፍሬን ሳይያዝ አለቀ። የቀረው የእርስዎ እግርና የጎማዎ ነገር ነው።

«ራሱ የሚነዳ ዕቃም አለ አሉ» የሚሉም አይጠፉም። ወደዚያ የሚጠጋ አለ። ኮማ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ኦፕንፓይለት የተባለ ፕሮግራም አለው። መሥራቹ ጆርጅ ሆትዝ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያውን ዕቃ ለገበያ ሊያወጣ ሲል የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ስለ ደህንነቱ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከለት። እሱም ዕቃውን ሰረዘና በዚያው ዓመት ኮዱን ለማንም በነፃ ለቀቀው። አሁን መሣሪያው ይሸጣል። የፊት መስታወት ላይ ይለጠፋል፤ መስመርና ርቀት ይጠብቃል። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገድ ላይ ካነሳም በውስጥ ካሜራው አይቶ ይጮህበታል።

ግን የራሱ እጅና እግር የለውም። የሚሠራው መኪናው ከፋብሪካ ይዞት በመጣው መስመር ጠባቂና ርቀት ጠባቂ ክሩዝ (ፍጥነቱን ራሱ የሚይዝ ሥርዓት) በኩል ነው። ትዕዛዙን በመኪናው የውስጥ ኔትወርክ ይልካል፤ መሪውን የሚያዞረው የመኪናው የራሱ የመሪ ሞተር ነው። ቪትዝዎ ወይም የድሮ ኮሮላዎ እነዚህ ከሌሉት ዕቃው የሚያዘው ነገር የለም። ውጭ ያለ ዘመድ «ልላክልህ ወይ?» ካለ መጀመሪያ መኪናው በሞዴልም በዓመትም ኩባንያው ዕቃው ይሠራባቸዋል ባላቸው መኪኖች ዝርዝር ውስጥ መኖሩ ይጣራ። አዲስ ከሆኑት ቶዮታዎች ውስጥም ኔትወርካቸው በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ አሉ። ሁሉም ተሟልቶ ቢሠራ እንኳን፣ ከ0 እስከ 5 በሚሄደው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚመደበው 2 ላይ ነው። ደረጃ 2 ላይ ሾፌሩ እርስዎ ነዎት፣ ተጠያቂውም እርስዎ።

የፈጣን መንገድ ዕቃ ለአራት ኪሎ መግዛት

ዳሽካም ላይ ያለው የመስመር ማስጠንቀቂያ በአብዛኛው የሚነቃው ከ50 ወይም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሲነዱ ነው። ከካዛንቺስ ስታዲየም በሥራ መውጫ ሰዓት ስንት ይነዳሉ? መስመሩም መታየት አለበት። ኮሪደር ልማቱ በደረሰበት መንገድ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን አስፋልቱም በግድ ነው። ለአዳማ ፍጥነት መንገድ ጥሩ ነው፤ ሥራዎ እዚያ ከሆነ ይግዙት።

የፊት ግጭት ማስጠንቀቂያው ደግሞ በተቃራኒው ሚኒባስ በገባ ቁጥር ይጮኻል። ሾፌሩ ይሰለቸውና ድምፁን ያጠፋዋል። ከዚያ ወዲያ ዕቃው ጌጥ ነው። ከማጥፋት ይልቅ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስሜቱን (ሴንሲቲቪቲ የሚለውን) ዝቅ ያድርጉት። የካሜራውንም ልኬት ያስተካክሉ፤ የአድማሱና የኮፈኑ መስመር ካልተሞላለት ርቀቱን በግምት ነው የሚያወራው።

ለመሃል ከተማ ብር ካለኝ መጀመሪያ የኋላ ካሜራ፣ ቀጥሎ የኋላ ሰንሰር፣ ሦስተኛ በስፖኪዮ የማይታየውን ጎን የሚያይ ራዳር እገዛለሁ። ሌላው ይቆይ።

ሰንሰሩ ሁሉን ያያል ብሎ ማመን

የኋላ ሰንሰር የሚሠራው በጆሯችን በማንሰማው ድምፅ ነው። ድምፁን ይልካል፣ ተመልሶ የመጣበትን ጊዜ ይለካል። ስለዚህ ግድግዳና የመኪና ፊት በደንብ ያያል። ቀጭን ብረት፣ በሁለት ምሰሶ መሃል የተወጠረ ሰንሰለት፣ ዝቅ ያለ ድንጋይ ያመልጡታል። ወፍራም ጥጥ ድምፅ ይውጣል፤ ጋቢ የደረቡ አባት ከኋላ ቢቆሙ ማሚቶው ደካማ ሊሆን ይችላል። ጉድጓድማ ጨርሶ አይታየውም። ክዳኑ የተነሳ ቱቦ ባለበት ከተማ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ልብ ይበሉ። ዝቅ ያለ ድንጋይ ከሩቅ ሲሆን ሰንሰሩ ሊያየውና ሊጮህ ይችላል። ሲጠጉ ድንጋዩ ከሰንሰሩ ዓይን በታች ይገባል፤ ጩኸቱም ይቆማል። ሾፌሩ «አለፍኩት» ብሎ ይለቀዋል። ከዚያ «ቋ!» ነው። ጮኾ በድንገት ዝም ካለ ይቁሙ፣ ወርደው ይዩ።

አገጣጠሙም ብዙ ይወስናል። አራቱ ሰንሰሮች ከመሬት ከ50 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል። ዝቅ ካሉ መሬቱን እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ ባዶ ሜዳ ላይ ይጮኻሉ። ጀርባቸው ላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት አለ። ባለሙያው ቸኩሎ ሲገለብጠው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ፓራውልቱ አንዴ ከተበሳ ደግሞ ቀዳዳ አይሰፋም። ከመበሳቱ በፊት ሜትር አውጥቶ በናስትሮ ምልክት ያድርግ። መብሻውም ከዕቃው ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ክቡ መጋዝ ይሁን። በሌላ መብሻ ከሰፋ ሰንሰሩ ይላላል፣ ይዘማል። ክረምት ላይ ጭቃ ሲለብስም ይሳሳታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ይበቃል።

ግራና ቀኙ የተገለበጠ ካሜራ

የኋላ ካሜራ ምስል እንደ መስታወት መገልበጥ አለበት። ብዙዎቹ ርካሽ ካሜራዎች ለፊትም ለኋላም ስለሚሸጡ ከሽቦው ላይ ትንንሽ ቀለበቶች አሏቸው፤ አንዷ ስትቆረጥ ምስሉ ይገለበጣል፣ ሌላዋ ስትቆረጥ ባለ ቀለም መስመሮቹ ይጠፋሉ። ገጣሚው መመሪያውን ካላነበበ በግራ ያለው ሰው በቀኝ ይታይዎታል። መፈተኑ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ከመኪናው ኋላ በግራ በኩል ይቁም፣ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ ይዩ። ቀዩ መስመርም ስንት ርቀት እንደሆነ ጀሪካን አስቀምጠው ይለኩ። ፋብሪካው የእርስዎን መኪና አያውቅም።

ሽቦውን «እሱ ያውቅበታል» ብሎ መተው

እዚህ ላይ በጣም ነው የማዝነው፤ ጥሩ ዕቃ በመጥፎ ሽቦ ይበላሻል። ሁለት ሽቦ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ በናስትሮ መጠቅለል ለሬዲዮም አይመከርም። ሙቀት ሲመጣ ናስትሮው ይለቃል። በቀጥታ ከባትሪ ያለ ፊውዝ የሚሳብ ሽቦማ እሳት ነው። ከፊውዝ ሳጥኑ ላይ፣ የራሱ ፊውዝ ባለው መሰኪያ ይወሰድ።

ቢጫ ሽቦ ወይም ቢጫ ሶኬት የኤርባግ ነው፤ ማንም አይነካውም። ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥም ብዙ መኪና ኤርባግ አለው። የካሜራ ገመድ ከኤርባጉ ፊት ካለፈ ሲፈነዳ መንገዱን ይዘጋበታል ወይም ገመዱን ይወረውረዋል፤ ከጀርባው ነው ማለፍ ያለበት። ስክሪን ተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ ኤርባጉ ክዳን ላይ የሚለጥፉም አሉ። ያ ስክሪን በግጭት ጊዜ የሚሄደው ወደ ሰው ፊት ነው። እባክዎ ያስነሱት።

መኪናው ቆሞም እንዲቀዳ የተደረገ ዳሽካም ባትሪ ይጨርሳል። በግምት 0.3 አምፒር ቢበላ በቀን 7 አምፒር ሰዓት ነው። ባትሪዎ 45 ቢሆንና ለበዓል አራት ቀን ክፍለ ሀገር ሄደው ቢመለሱ ከግማሽ በላዩ አልቆ ይጠብቅዎታል። ቮልቱ 12.2 ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ ማገናኛ ያስገጥሙ። ፀሐይ ላይ ለሚውል መኪና ደግሞ ሊቲየም ባትሪ ያለውን ሳይሆን ካፓሲተር ያለውን ዳሽካም ይምረጡ፤ ሊቲየሙ በሙቀት ያብጣል።

መስታወትና አርማ ሲቀየር ዝም ማለት

መኪናዎ ከፋብሪካ የመጣ የፊት ካሜራ ካለው መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ጠጠር መቶት ከተቀየረ ካሜራው እንደገና መለካት አለበት። አንድ ዲግሪ ቢዘም 50 ሜትር ላይ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይስታል። ይሄ የጎን መስመሩን መኪና ከፊት እንዳለ አድርጎ ለማየት በቂ ነው። አዲስ ዳሽካምም ያንን ካሜራ እንዳይጋርድ ራቅ ተደርጎ ይለጠፍ።

ብዙ ቶዮታዎች ላይ የፊቱ ራዳር ያለው ከአርማው ጀርባ ነው። የዚያ መኪና አርማ ለስለስ ያለ፣ ሞገድ የሚያሳልፍ ነው። ተሰርቆ ወይም ተሰብሮ ተራው ባለ ኒኬል አርማ ከተለጠፈበት ራዳሩ ይታወራል። ክሩስኮቱ ላይ መብራት ይበራል፤ ሰው ግን የሞተር ችግር መስሎት ጋራዥ ለጋራዥ ይዞራል።

በኤሌክትሪክ መኪና ላይ መደረብ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ለቻይና ገበያ የተሠሩት፣ ለምሳሌ አይዲ 6፣ ብዙዎቹ ካሜራም ራዳርም ይዘው ነው የሚመጡት፤ ሜኑው ግን ቻይንኛ ነው። ባለቤቱ ያለውን ሳያውቅ ሌላ ይገዛል። ሌላ ከመግዛትዎ በፊት የስልክዎን መተርጎሚያ ይዘው ሴቲንጉን አንድ በአንድ ይለፉበት። ብርቱካናማ ገመድ ካዩ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ የሠፈር ኤሌክትሪሻን እጁን ያርቅ።

ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት እዚያው ጋራዡ ግቢ ውስጥ መኪናውን አስነስተው ይሞክሩት። ማርሽ ወደ ኋላ ሲገባ ካሜራው ወዲያው ይበራል? አራቱንም ሰንሰር በየተራ በእጅ ሲሸፍኑ ስክሪኑ ላይ ትክክለኛው ጎን ይታያል? ሞተሩ ሲጠፋ ዕቃው አብሮ ይጠፋል? የኤርባግ መብራት እንደበራ አልቀረም? መኪናውን ባለቤትዎም ወንድምዎም የሚነዱት ከሆነ ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ጩኸቱ ምን ማለት እንደሆነና መቼ ዝም እንደሚል እነሱም ይወቁ።