የሶሻል አስተማሪያችሁ ኖት ብቻ የሚያስገለብጥ ከሆነ አዳማ ላይ እንዴት ታጠናላችሁ

ይሄን የምጽፈው በተለይ 11ኛና 12ኛ ሶሻል ላላችሁ ነው፣ ወላጆችም ብታነቡት አይከፋም። ነገሩን ታውቁታላችሁ፣ ቲቸር ይገባል፣ ኖቱን ለክፍል አለቃው ይሰጣል፣ አለቃው ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እናንተ ትገለብጣላችሁ፣ ደወል። ሶሻል ቀላል ነው ሸምድዶ ማለፍ ነው ሲባል ኖሮ የ2014ቱ ማትሪክ ዩኒቨርስቲ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 50 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያመጣው ከናቹራል 6.8፣ ከሶሻል ደግሞ 1.3 ፐርሰንት ብቻ ሆነ። አስተማሪው ላይ ብቻ መፍረድም ልክ አይመስለኝም፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 70 ለ 30 (ዩኒቨርስቲ ከሚገባው 70 ፐርሰንቱ ናቹራል፣ 30ው ሶሻል ይሁን የሚለው) ሲመጣ ጎበዝ የተባለው ሁሉ ወደ ናቹራል ተነዳ፣ ሶሻል የተራረፈው መሰብሰቢያ ተደርጎ ታየ፣ ከዛም ውስጥ ብዙው መምህርነት የገባው ሌላ ምርጫ አጥቶ ነው፣ ደሞዙን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

እሺ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ኖቱን አስቀምጡና ቴክስት ቡኩን ክፈቱ። ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ ግን የአዲሱ ካሪኩለም መሆኑን እዩ፣ አሮጌውን ይዞ ዓመቱን ሙሉ የሚለፋ አለ። ዩኒቱን በአንዴ አትዋጡት፣ አንድ ንዑስ ርዕስ አንብቡና መጽሐፉን ዘግታችሁ "ለምን?" በሉ። ማን እና መቼ ተከትለው ይመጣሉ።

ከደጃችን ምሳሌ ልስጣችሁ። አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ነው አይደል? ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ነው፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909። ኖት ላይ ሁለቱ ዓመተ ምህረቶች ይጻፋሉ፣ ትሸመድዳላችሁ፣ አለቀ። እስቲ አሁን ጠይቁ፣ ለምን 14 ዓመት ሙሉ ፈጀበት? መልሱ ውስጥ ግማሹን ዩኒት ታገኙታላችሁ፤ የፈረንሳዩ ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ከሰረ፣ እንግሊዝና ጣልያን ደግሞ መንገዱ የፈረንሳይ ብቻ ከሆነ አገሪቱም በሷ እጅ ትገባለች ብለው ፈሩ፣ ምኒልክም ባቡሩን ይፈልጉታል ግን በሱ ሰበብ ሉዓላዊነታቸው እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፣ በዚህ መሃል ሦስቱ መንግስታት ኢትዮጵያን በተጽዕኖ ክልል የሚከፋፍል ውል እርስ በርሳቸው ተፈራረሙ፣ መጽሐፉ ላይ በፈረንጅ 1906 ተብሎ የምታገኙት እሱ ነው። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ስራው የቀጠለው ከዛ በኋላ ነው። ይሄ የገባው ልጅ ቾይዙ እንዴትም ተገለባብጦ ቢመጣ አይደናገርም።

በነገራችን ላይ መጽሐፉ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የሚጽፈው፣ ቤት የምንሰማው በኛ ነው፣ ስንቱ በዚህ ተምታቶበት ይሳሳታል መሰላችሁ። ከፈረንጁ ላይ ከመስከረም እስከ ታህሳስ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዛ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8 ቀንሱ። የአድዋ የካቲት 23 1888 መጽሐፉ ላይ ማርች 1 1896 ነው።

ጂኦግራፊ ላይማ እናንተ እድለኞች ናችሁ፣ ስምጥ ሸለቆ ሲባል ውስጡ ቁጭ ብላችኋል። ጂኦሎጂስቶች የወንጂ ፎልት ቤልት የሚሉት የመሬት ስንጥቆች መስመር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጎረቤታችን ነው፣ 2017 ታህሳስና ጥር ላይ ፈንታሌ አካባቢ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ድረስ የተሰማው ነገር ከምዕራፉ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ራሳችሁ ጻፉ። ስልክ ላይ ጉግል ማፕ ክፈቱና ተሬይን የሚለውን ምረጡ፣ ከፍታውን እያያችሁ ክረምት ላይ ጎርፉ ከየት ተነስቶ የትኛው ሰፈር እንደሚገባ ደብተር ላይ ሳሉት። የንፋስ ተርባይኖቹ ለምን ታች ከተማው ውስጥ ሳይሆን ከፍታው ላይ ተተከሉ? ሸንኮራው ለምን ወንጂ ላይ? ቆቃ ግድብ በ1952 ሲያልቅ ከታች ያለው የአዋሽ ውሃ ምን ሆነ? እነዚህን በቃላችሁ ለጓደኛ ማስረዳት ከቻላችሁ አጥንታችኋል።

ኢኮኖሚክስ አጭር ነው፣ ገበያ ሂዱ። ሽንኩርት ዋጋው ዘሎም ሰው ትንሽ ይቀንሳል እንጂ መግዛቱን እንደማይተው ካያችሁ ኢላስቲሲቲ (ዋጋ ሲቀየር ግዢው ምን ያህል እንደሚቀየር) ገብቷችኋል፣ ግራፉን ከዛ በኋላ ሳሉ። ሁሉንም በአማርኛ ወይ በኦሮምኛ ተረዱት፣ ግን መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ ፈተናው በሱ ነዋ።

ቲቶር ልትቀጥሩ ከሆነ የባቡሩን ጥያቄ ጠይቁት። ዓመተ ምህረት ቆጥሮ ካበቃ እሱም ኖት አስገልባጭ ነው፣ ብራችሁን አታባክኑ። "አላስታወስኩትም፣ አንብቤ ልምጣ" ካለ ግን ቅጠሩት።

ወላጆች፣ ደብተሩን ግለጡ። አንድ ካርታ ከሌለው፣ ልጁ በራሱ ቃል የጻፈው መስመር ከሌለ፣ ችግሩ ልጁ ጋ ብቻ አይደለም። ሄዳችሁ ግን አስተማሪውን ተማሪ ፊት እንዳትዘልፉት፣ መጀመሪያ እሱን ለብቻው አነጋግሩ፣ ካልሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ዲፓርትመንት ኃላፊው ጋ፣ እሱም ካልሆነ ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) ላይ አንሱት። "ልጄ ለምን ዝቅተኛ አመጣ" ብላችሁ አትጀምሩ፣ በዚህ ሴሚስተር ስንት ጊዜ ውይይት ተደረገ፣ ካርታ መቼ ተሰቀለ ብላችሁ ጠይቁ። ካርታ የለንም ካሏችሁ ስቶር ይከፈትልን በሉ፣ ብዙ ቦታ እዛ ተጠቅልሎ ነው ያለው።