ኮዱን አታንብቡላቸው

ጀሞ ላይ ትንሽ የስልክ ዕቃ መሸጫ አለኝ። ካቨር እሸጣለሁ፣ መስታወት እለጥፋለሁ፣ የቴሌብር ወኪልም ነኝ። የሰፈሩ ሰው ሲጭበረበር ከፖሊስም ከባንክም በፊት ወደኔ ነው የሚመጣው። «እስኪ እይልኝ፣ ብሬ የት ገባ?» ይለኛል። ስልኩን ተቀብዬ ሚሴጆቹን ሳነብ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው አንድ ነገር ነው። በዘዴ ሰብሮ የገባ የለም። ባለስልኩ ራሱ ቁጥር አንብቦ ሰጥቷል።

ስለዚህ ከቁጥሩ ልጀምር። ፒን አለ፤ የቴሌብር፣ የሞባይል ባንኪንግ፣ የኤቲኤም። ይሄን ሰው ሁሉ ይደብቃል። ለአንድ ጊዜ ተብሎ በቴክስት የሚመጣ ኮድ ደግሞ አለ። ይሄን ግን «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው» ላለ ሁሉ እናነባለን። ኮዱ ሂሳባችሁን ሌላ ስልክ ላይ የሚከፍት ነው። እናንተ ምንም ሳትነካኩ ኮድ ከመጣላችሁ፣ አንድ ሰው በቁጥራችሁ ሊገባ እየሞከረ ነው ማለት ነው። የቴሌም ሆነ የባንክ ሠራተኛ ይህን ኮድ አይጠይቅም። ስልኩን ዝጉት። ከተጠራጠራችሁ ራሳችሁ ደውሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ንግድ ባንክ 951 ነው። በደወለላችሁ ቁጥር መልሳችሁ አትደውሉ።

«ግን እኮ ሙሉ ስሜን ጠራልኝ!» የሚለኝ ብዙ ነው። ስም ማወቅ ምንም ማስረጃ አይሆንም። በቴሌብር ብር ለመላክ ስልክ ቁጥር ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ይወጣ የለ? ሌባውም ያየው እዚያው ነው። ደግሞ ጨዋ ናቸው። ትልቅ ሰው ከሆነ «እናቴ፣ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው» ይላሉ። እኔ እንዲያውም ከሚቆጣው ይልቅ እንዲህ የሚለሰልሰውን እፈራለሁ።

ሁለተኛው የተለመደ ነገር «በስህተት ልኬብህ ነው» ነው። መጀመሪያ ቴክስት ይገባል፤ ይህን ያህል ሺህ ብር ደርሶዎታል የሚል። ወዲያው ስልክ ይጮኻል። የሆስፒታል ብር ነው፣ እባክህን በዚህ ቁጥር መልስልኝ ይላል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። እዚህ ላይ ማየት ያለባችሁ ቴክስቱ ከማን እንደመጣ ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር የሰው ቁጥር የመጣ ከሆነ አንድ ግለሰብ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው። ላኪው ትክክል ቢመስልም እንኳ ቴክስቱን ተዉትና ባላንሳችሁን እዩ። *127# ደውላችሁ ወይም መተግበሪያውን ከፍታችሁ ማየት ነው። ባላንሱ ካልጨመረ ምንም አልገባም። በእርግጥ ገብቶ ከሆነስ? ሰውየው ለድርጅቱ ደውሎ ያስመልስ። እናንተ ወደ ሌላ ሦስተኛ ቁጥር አትላኩ፤ ያ ብር ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፣ ስማችሁም መሃል ይገባል።

ነጋዴ የሆናችሁ ይህችን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ማታ ሱቅ ሲሞላ፣ አንዱ ቻርጀርና ኢርፎን ይመርጥና ስልኩን ያሳያችኋል። አረንጓዴ ምልክት፣ የእናንተ ስም፣ የግብይት ቁጥር፣ ሁሉም አለ። ስክሪንሾት በስልክ ይቀየራል። ደረሰኝ የሚያስመስሉ መተግበሪያዎችም አሉ። እኔ የደንበኛ ስልክ አይቼ ዕቃ አልሰጥም። የራሴ ስልክ ላይ መልእክቱ መጣ ወይ? ባላንሱ ጨመረ ወይ? ካልሆነ ዕቃው መስታወቱ ውስጥ ይቆያል። «ኔትወርክ ነው እንጂ ወጥቷል እኮ» ሲሉኝ «እሺ፣ ኔትወርኩ እስኪመለስ ቁጭ በሉ፣ ወንበር አለ» እላለሁ። እውነተኛው ደንበኛ ይቀመጣል። የሚቀጥር ሰው ደግሞ ክፍያው የሚገባበት ስልክ ሱቅ ውስጥ ይሁን፤ ባለቤቱ ቤት ተኝቶ ልጁ በስክሪንሾት ሲሸጥ ነው ብዙ ዕቃ የሚወጣው።

ቴሌግራም። ወይ ቴሌግራም! የምታውቁት ሰው ይጽፍላችኋል፦ «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጪልኝ።» ሊንኩን ስትነኩ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ኮድ። ኮዱን ስትጽፉ ቴሌግራማችሁ ሌላ ሰው ጋ ተከፈተ። በሰዓቱ ውስጥ በእናንተ ስም «እስከ ነገ አሥር ሺህ ብር አበድረኝ» የሚል ለዘመድ ሁሉ ይሄዳል። መጀመሪያ የጻፈላችሁ ወዳጅም እንዲሁ የተጠለፈ ነው።

መከላከያው ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። ሴቲንግስ ግቡ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን። ከኮዱ ሌላ የራሳችሁን የይለፍ ቃል ታስገባላችሁ። ኢሜይልም ይጠይቃል፤ የምትከፍቱትን ኢሜይል ስጡት፣ ብትረሱ መመለሻችሁ እሱ ነው። ከተጠለፋችሁ ደግሞ ዲቫይስስ የሚለውን ክፈቱና ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ በሉ። እዚህ ላይ ዕድል አለን። አዲስ የገባ ስልክ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነባሩን ስልክ ማስወጣት አይችልም። እናንተ ግን እሱን ማስወጣት ትችላላችሁ። «ነገ አየዋለሁ» ካላችሁ ተበላችሁ።

ኔትወርክ እናስተካክል ብለው በ*21* የሚጀምር ነገር ደውሉ ካሏችሁ እምቢ በሉ፤ ጥሪያችሁን ወደ ራሳቸው ያዞሩታል። ዞሮ እንደሆነ በ*#21# ይታያል፣ በ##002# ይጠፋል።

ስልክ ከተሰረቀ ሌባው ስክሪኑን መክፈት ላያስፈልገው ይችላል። ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ላይ ይከትና ኮዶቹን ይቀበላል። ስለዚህ ሲሙ ራሱ ላይ ፒን አድርጉ፤ ሴኩሪቲ ውስጥ ሲም ሎክ ይባላል። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፑክ የሚባል መክፈቻ ቁጥር ስለሚጠይቅ እሱን ቤት ጻፉት። የቴክስት ይዘት በተዘጋ ስክሪን ላይ እንዳይታይም አድርጉ። ስልኩ የጠፋ ዕለት በሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲሙን አስዘጉ፣ ከዚያ ባንካችሁን። ፖሊስ ጋ መሄዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ አለ። ምዝገባው በነጻ ነው፤ ብር የሚጠይቅ ካለ ራቁት። «ሥራ አለ፣ የፋይዳችሁንና የባንክ ደብተራችሁን ፎቶ ላኩ» የሚሉ ቻናሎች አሉ። ቀጣሪው ማን እንደሆነ፣ ቢሮው የት እንደሆነ ሳታውቁ አትላኩ። የግድ ኮፒ መስጠት ካለባችሁ በላዩ ላይ አግድም ጻፉበት፤ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጨምሩ። እኔ ሱቅ ኮፒ የሚያስነሳ ሰው ሲያጋጥመኝ እስክሪብቶ አቀብለዋለሁ።

ተማሪዎች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። «አካውንት ክፈትልኝ፣ ኤቲኤሙን ስጠኝና ትንሽ ብር ልስጥህ» የሚል ሰው የተሰረቀ ብር የሚያሳልፍበት ስም እየፈለገ ነው። በስማችሁ ያወጣችሁትን ሲም መሸጥም ያው ነው። ፖሊስ ሲፈልግ የሚያገኘው እናንተን ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማጭበርበርንም የሰው ማንነት መስረቅንም ወንጀል አድርጎታል።

ዓረብ አገር ልጅ ያላችሁ ቤተሰቦች ዛሬውኑ አንድ ነገር ተነጋገሩ። «ልጅሽ ታስራለች፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ሲመጣ ወይም በኢሞ «ስልኬ ተበላሽቶ ነው በዚህ የጻፍኩት» ሲባል የምትጠይቁት ጥያቄ ይኑር። ፌስቡክ ላይ የሌለ ይሁን። አንዲት ደንበኛዬ ከልጇ ጋር የተስማሙት በድሮ ላማቸው ስም ነው። ስሙን አልነግራችሁም።

ከተበላችሁ ቶሎ ነው። መጀመሪያ ብሩ የወጣበት ባንክ ወይም 994 ደውሉ፤ የግብይት ቁጥሩን ንገሩና የተቀባዩን ሂሳብ እንዲያግዱ ጠይቁ። ብሩ ከዚያ ሂሳብ ሳይወጣ ከደረሳችሁ ተስፋ አለ። ፒናችሁን ቀይሩ። በእፍረት ሚሴጁን የሚያጠፋ ሰው አለ፤ እንዳታጠፉ፣ ማስረጃው እሱ ነው። የሂሳብ መግለጫ አሳትማችሁ ጣቢያ አመልክቱ። ቀጥሎ በቴሌግራም «የተበላ ብር አስመልሳለሁ፣ መጀመሪያ 2,000 ብር ለአገልግሎት» የሚል ይመጣል። እሱንም ብሎክ አድርጉት።