ጠላ በድሬ ሙቀት፦ ለትንሽ ጠላ ቤት የሚሆን አጠማመቅ

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረች የቆላ ከተማ ናት፤ ጠላ ደግሞ የደጋ መጠጥ ነው። ጌሾውም ገብሱም ከደጋ ይወርዳል፣ የደጋው የመብላላት ቀን አቆጣጠር ግን አብሮ አይወርድም። እዚህ ጠላ የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ እህሉ ሳይሆን ቀኑ ነው።

ለ20 ሊትር ያህል ጠላ ግማሽ ኪሎ ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ የገብስ ዱቄት ይበቃል። ጌሾው ሲገዛ በመዳፍ ታሽቶ ይሸተት፤ ሽታው ደከም ካለ የከረመ ነው። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ የሚጋግር ስለሆነ ማታ ተፈልቶ ያድራል፣ ጠዋት ከላይ ከላዩ ይቀዳል።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል እየታሸ ሦስት አራት ጊዜ ይታጠብና ወይራ ጭስ ላይ ይደፋል፣ ውጪው በእጅ ሲነካ እስኪፋጅ። ጭሱ ለሽታ ብቻ አይደለም፤ ያለፈው ጠላ የተወውን ኩምጣጤ ያጠፋል። ፕላስቲክ በርሜል አይታጠንም፣ ጭረቱ ውስጥም ጎምዛዛው ይደበቃል።

ለቅዳሜ የሚሸጥ እሑድ ይጠነሰሳል። የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በ5 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ማክሰኞ አረፋ አንስቶ፣ ክዳኑ ሲከፈት አፍንጫ ሲወጋ፣ የተፈጨው ብቅል ይገባል፤ ከዱቄቱ 1 ኪሎው ቂጣ ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ አብሮ ይጨመራል። ረቡዕ የቀረው 2 ኪሎ በውሃ ርስ ርስ ተደርጎ ምጣድ ላይ የተቆላ ቡና እስኪመስል ይታመሳል፤ እንኩሮ የሚባለው ይህ ነው፣ የጠላው ቀለምም ከዚህ ይመጣል። ካረረ ምሬቱን በጌሾ ማሳበብ አይቻልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትኩሱን ሲጨምር ነው፤ እርሾው ይሞትና ድፍድፉ ዝም ይላል። በደንብ ቀዝቅዞ ጋኑ ውስጥ ይጨመር።

ዓርብ ማታ 18 ሊትር ገደማ ውሃ ተጨምሮ የጋኑ አፍ በጨርቅና በጭቃ ይመረጋል። ቅዳሜ ከሰዓት ይከፈታል።

ከሰዓት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ ጋን ቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ አይቀመጥም። እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ይቀበር፣ ዙሪያውን እርጥብ ጆንያ ይጠምጠምበት፤ ጆንያው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። አንድ የ60 ሊትር ጋን ከመጥመቅ ሦስት ትናንሽ ይሻላል፦ ትልቁ የራሱን ሙቀት ያቁራል፣ አንዴ ከተከፈተም ሳያልቅ አየር ያኮመጥጠዋል።

ቤቱ ብዙ አይፈልግም፦ በራፍ ላይ እንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ፣ አግዳሚ፣ ውሃ የተረጨ ወለል። ጠማቂዋ ቀድታ፣ ራሷ ቀምሳ ትሰጣለች። ከጉሹ፣ ማለትም ከመጀመሪያው ጠላ፣ ቀጥሎ በድጋሚ ውሃ ተጨምሮበት የሚወጣው ቅራሪ በቅናሽ ይሸጥ እንጂ ከጥሩው አይደባለቅ፤ ደንበኛ በአንድ ጉንጭ ይለየዋል። አተላው ሰኞ ጠዋት ለከብት አርቢ ይሰጥ፣ ከዋለ ቤቱን ዝንብ ይወርሰዋል።